ዜማው የሕዝብ፣ ድምፁ የእሷ
ከሰቆጣ የሻደይ ጨዋታ እስከ አዲስ አበባ የሙዚቃ መተግበሪያ የሚዘልቀው ሥራ

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሰቆጣ የልጃገረዶች ከተማ ትሆናለች። ሻደይ የሚባለውን ረዥም ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ቡድን ቡድን ሆነው ከደጅ ደጅ ሊዞሩ ይወጣሉ። አንዷ ከበሮውን ትመታለች፤ አንዷ ታወጣለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። አውጪዋ ሲደክማት ሌላዋ ትተካትና ግጥሙን እንደ ደጁ ባለቤት ታዛውረዋለች። እጁ የተፈታ ይወደሳል፤ ቆጣቢው በሳቅ መሐል አንዲት ስንኝ ትደርሰዋለች።

ዙሪያቸውን ስልክ የያዙ እጆች ከፍ ከፍ ብለዋል። ዘመድ ይቀርጻል፣ እንግዳ ይቀርጻል፣ ቪዲዮ የሚሰበስብ ባለ ቻናልም ይቀርጻል። ከበሮውን ከሚመቱት ጣቶች አንድ ክንድ ርቆ የተያዘው ስልክ የከበሮውን ድምፅ ያፈርሰዋል፤ ራቅ ብሎ የቆመው ደግሞ ነፋስና የባጃጅ ጥሩምባ አብሮ ይቀዳል።

ማታውን ያ ቅጂ ሦስት መንገድ ይይዛል። አንዱ በቴሌግራም ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፋል። ሁለተኛው ከተማው ውስጥ ዘፈን ወደሚጭን ሱቅ ይገባል። ሦስተኛው ከቀናው አዲስ አበባ ድረስ ይሄድና የሙዚቃ መተግበሪያ የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ቅጽ ይከፍታል፦ ድምፃዊ፣ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ አሳታሚ፣ ቋንቋ፣ ዓመት። ባዶ የተተወ ቦታ ካለ ሲስተሙ ፋይሉን አያሳልፍም። ዜማው ላይ «የሕዝብ» ብሎ ይጽፋል። ግጥሙም ላይ እንዲሁ። ድምፃዊ ላይ ሲደርስ የልጆቹን ስም የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ቦታው ፋይሉን በላከው ቻናል ስም ይሞላል።

ሥራውን ከውጭ የሚያይ ሰው የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲባል ኮድ የሚጽፉ ወጣቶችና የሚያብለጨልጭ ስቱዲዮ ይታየዋል። ሁለቱም አሉ። የሠራተኛውን ቀን የሚበላው ግን ይህ ቅጽ ነው። ዘፈኑ የማን እንደሆነ በትክክል የመጻፍ ሥራ ከሁሉም የከበደ፣ ከሁሉም ያልተከበረና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ሥራ ነው። ሰቆጣ እንደምትገኝበት እንደ ዋግ ኽምራ ያለ አካባቢ ስሙንም ድርሻውንም የሚያጣው እዚያው ቅጽ ላይ ነው።

ከሸክላ እስከ ሚሞሪ

ሙዚቃችንና ማሽን ከተገናኙ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ሸክላዎች ያስቀረጸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን የተላከው ለዘፈን ጉዳይ አልነበረም፤ የመኪና ሥራ እንዲማር ነበር። ለሞተር ሄዶ በርሊን ውስጥ ዜማውን በሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ። ሸክላው ላይ የሰፈረው ስሙ ነውና እስከ ዛሬ ተሰማ ሲባል ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ከስድሳ ዓመት በኋላ ዐምሃ እሸቴ መጣ። ያኔ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በመንግሥት እጅ ነበር። ዐምሃ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ ሸክላዎቹን መጀመሪያ ሕንድ ኋላም ሊባኖስ እያስመታ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ረጃጅም አልበሞች አወጣ። በዛሬ አነጋገር የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥራች ነበር ማለት ነው፤ ዘፋኝ ይመርጣል፣ ቀረጻ ያስተዳድራል፣ ባሕር ማዶ ካለ ፋብሪካ ጋር ይዋዋላል፣ ሱቅ ከፍቶ ይሸጣል። ዐምሃ ከአገር ሲወጣ ዘመኑ ወደ ካሴት ተሻገረ፤ ዓሊ አብደላ ኬይፋን የመሰሉ ነጋዴዎችም ገበያውን ያዙት።

ካሴት የሠራው ትልቅ ነገር የገጠሩን በር መክፈቱ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያላየ መንደር ባትሪ የሚበላ ቴፕ ገዛ። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉም ራሱን አባዥ አደረገ፤ ሙዚቃ ቤቶችም በየአውራጃው በቀሉ። ቅጂው ኦርጅናል ይሁንም አይሁን፣ ሽፋኑ ላይ ብዙውን ጊዜ የዘፋኙ ፎቶና ስም፣ የዘፈኖቹም ዝርዝር ነበረ።

ያ የካሴት ሽፋን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ አዋህዶ የሠራውን ካሴት፣ አፍሪካዊ ካሴቶችን እያሰባሰበ የሚያሳትም አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘዋል። ሽፋኑ ላይ ስም አለ። ስሙን ተከትሎ ስልክ ደወለ፤ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ስም የለሽ ቢሆን ኖሮ ያ የስልክ ጥሪ ለማን ይደወል ነበር?

ከዚያ ኤምፒ3 መጣና ሽፋኑን ገፎ ጣለው።

ዘፈን የሚጭነው ልጅ

በሰቆጣ፣ እንደ ሌሎቹ የሰሜን ከተሞች ሁሉ፣ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ሠራተኛ ማለት በመጀመሪያ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል፤ ጥግ ላይ የተፈታታ ስልክና የብየዳ ብረት አለ፤ መሐል ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ሥር ደግሞ ሀብቱ ሁሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ።

በገበያ ቀን ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ የመጡ ሰዎች ማርና ፍየላቸውን ሸጠው ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት ጎራ ይላሉ። «ልጄ፣ የማሲንቆውን አድርግልኝ፤ ጩኸት የበዛበትን ተወው» ይላሉ አንድ ሽማግሌ። ልጁ ሚሞሪዋን ከስልኩ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል። «አባባ፣ ከአምናው የተለየ ነው ወይስ ያንኑ ልድገምልዎ?» ከእሳቸው ቀጥሎ የቆመው ጎረምሳ በዚህ ክረምት የወጣውን ሁሉ ይፈልጋል። አንዲት እናት ደግሞ የበዓል መዝሙር ለብቻው፣ ዘፈን ለብቻው ይሁንልኝ ትላለች፤ በጾም ወቅት እንዳይደባለቅባት ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች የደንበኛን ምርጫ ለመገመት ብዙ መሐንዲስ ይቀጥራሉ፤ ይህ ልጅ በፊትና በአነጋገር ያውቃል። ከዝቋላ የመጣው ምን እንደሚወድ፣ ከላስታ በኩል የመጣው ምን እንደሚጠይቅ፣ ሰርግ ያለበት ቤት ምን እንደሚጎድለው በቃሉ ይዞታል። አዲስ ዘፈን ሳይጠየቅ ጨምሮ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ገበያ ሰውየው ያንኑ ደግሞ ከጠየቀ ተሳክቶለታል።

ሱቁ ለምን እስከ ዛሬ አልሞተም ለሚል ሰው መልሱ በሒሳብም በታሪክም አለ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአራት ደቂቃ ዘፈን 3.8 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ሁለት ጊጋባይት የሆነች ትንሽ ሚሞሪ ወደ 500 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ዘፈኖች ትይዛለች። ኢንተርኔት የሌለበት ቆላ ወርዶ ፍየል ለሚጠብቅ እረኛ ያ ከሠላሳ ሰዓት በላይ የሚያጫውት ሀብት ነው፤ ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ።

ታሪኩ ደግሞ ከሒሳቡ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣን ሲውጣት መብራትም ስልክም ጠፋ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ርቆ ኖረ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ሲፈነዳም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ቆየ። በእነዚያ ወራት በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መተግበሪያ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ነበር። ሚሞሪ ግን በሶላር በተሞላ ባትሪም ይዘፍናል።

የልጁ ሥራ በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ቀላል አይደለም። ከሚጭናቸው ዘፈኖች ለዘፋኙ የሚሄድ ሳንቲም የለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትን ከልክሏል። ይህን ሥራ የሚኮንነው አርቲስት እውነት አለው። ልጁን የሚከራከርለትም መከራከሪያ አያጣም፤ እዚህ ድረስ ዘፈኑን ያመጣ ሌላ ማንም የለም፤ ፈቃድ ልግዛ ቢልም በአቅሙ የሚሸጥለት ቢሮ በአካባቢው አያገኝም። አዲስ አበባ ያሉት ኩባንያዎች ከዚህ ሱቅ ጋር መዋዋልን ገና እንደ ገበያ አላዩትም።

የአዲስ አበባው ጠረጴዛ

ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዲስ አበባ ያለው ታሪክ የተጀመረው ከራሳቸው ከሙዚቀኞቹ ነው። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ባልደረቦቻቸው በሲዲና በሕገ ወጥ ቅጂ መካከል ገበያው ሲሞት አይተው፣ አድማጭ ከስልኩ ዘፈን የሚገዛበትን አውታር የተባለ መተግበሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረቡ። ኤልያስ ሥራው ሲያድግ ለማየት ብዙ ዕድሜ አልተሰጠውም፤ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሰዋሰው የተባለው መተግበሪያ ብዙ ታዋቂ ድምፃውያንን አስፈርሞ ወደ ገበያው ገባ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የክፍያውን መንገድ አቀለለ፤ ከዚያ በፊት ባንክ ቤት ደብተር የሌለው አድማጭ ሙዚቃ ልግዛ ቢል ከስልክ ሂሳቡ ሌላ የነበረው መክፈያ ጥቂት ነበር።

እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ ጠዋት የሚጀምረው በፋይል ነው። አንዱ ዘፋኝ ሥራውን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በቴሌግራም ይልካል፤ ሌላው የሃያ ዓመት ካሴቱን በፌስታል ጠቅልሎ «ማስተሩ ጠፍቷል፣ ከዚህ አውጡልኝ» ይላል። ድምፅ የሚያጸዳው ባለሙያ የካሴቱን ሹክሹክታ ሲቀንስ ማሲንቆውን አብሮ እንዳያጠፋው ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃል፤ የካሴት ጫጫታና የፈረስ ጭራ ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ሠፈር ናቸውና።

ቀጥሎ ውል ይመጣል። ዘፋኙ አልበሙ የእኔ ነው ይላል፤ ገጣሚው በቃል ብቻ ነበር የተስማማነው ይላል፤ አሳታሚው የድሮ ደረሰኝ ያወጣል፤ ዜማውን የሠራው ሰው አርፎ ልጆቹ ይደውላሉ። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ስለሚዘልቅ ወራሾቹ እውነተኛ ባለጉዳይ ናቸው። ሕግ ሳያጠና የተቀጠረው የይዘት ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ ግማሽ ጠበቃ፣ ግማሽ የሠፈር ሽማግሌ ይሆናል። ሲሟገቱ የቆዩ ሁለት አንጋፋ ሙዚቀኞችን አንድ ክፍል አስቀምጦ «ጋሼ፣ እርስዎ የእሳቸውን ድርሻ ይመኑላቸው፣ እሳቸውም የእርስዎን ይመኑ» ማለት በሥራ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ሥራው ነው።

መሐንዲሶቹም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ሰው ዘፈን ሲፈልግ እንደ መሰለው ይጽፋል። ለአማርኛ አንባቢ ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ባዕዳን ናቸው። ዋግ ኽምራን አንዱ በኽ፣ ሌላው በህ፣ ሦስተኛው በሕ ይጽፈዋል፤ ሰቆጣን ሶቆጣ የሚልም አለ። ፕሮግራመሩ ሁሉንም ወደ አንድ የሚመልስ ሕግ ካልጻፈ የዋግ ዘፈን እያለ «አልተገኘም» ይባላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲካተት ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለው ጘ ጭምር ገብቷል፤ ስለዚህ የዋግ አገው ቋንቋ የሆነውን ኽምጣናን በስልክ መጻፍ ይቻላል። በመተግበሪያው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ግን ኽምጣና ከሌለ ዘፈኑ «ሌሎች» ከሚለው ሥር ይቀበራል፤ የሚፈልገውም ሰው እዚያ አይሄድም።

ሌላው ጭቅጭቅ የፋይል ክብደት ነው። የድምፅ ባለሙያው ጥራቱ አይነካ ይላል። የኔትወርኩ መሐንዲስ ደግሞ የአራት ደቂቃው ዘፈን በዘመናዊ ማመቂያ በ48 ኪሎቢት ወደ 1.4 ሜጋባይት እንደሚወርድ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰውም ሳይቆራረጥበት እንደሚሰማ ያስረዳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በጥሩ ማዳመጫ ለሚሰማ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ዓይነት፣ ተራራ ጫፍ ላይ ሁለት ሰረዝ ኔትወርክ ፈልጎ ለሚቆም ሰው ሌላ ዓይነት ፋይል ማዘጋጀት ግድ ይላል።

ማሽኑና ቅኝቱ

እዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ፈጥኖ የሚማረው ሌላ ነገር መሣሪያዎቹ ሲሠሩ እኛን አስበው እንዳልተሠሩ ነው። የዘፋኝን ድምፅ የሚያቃናውን ኦቶቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያበቃው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል በድምፅ ሞገድ የከርሰ ምድር ነዳጅ ፍለጋ ላይ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ፒያኖ ኦክታቩን በ12 እኩል ይከፍልና ከዚያ ወጣ ያለውን ድምፅ ቅርብ ወደሆነው ይጎትታል።

ማሲንቆ ደግሞ አንድ ክር እንጂ የተከፋፈለ አንገት የለውም፤ ጣት ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ነው። የአንቺሆዬ ቅኝት ጠባብ እርምጃዎች በፒያኖ ቁልፎች ላይ ልክ አይቀመጡም። ትዝታም ቢሆን ዘፋኙ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ነው የሚጣፍጠው። መሣሪያው መለኪያውን ሳይነኩ ከተለቀቀ የሻደይዋን አውጪ ድምፅ «ያስተካክላል»፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ከሰቆጣ ትወጣና ከየትም ያልሆነች ትሆናለች። ልምድ ያለው አቀናባሪ ማቃኛውን በእጁ እየነካ ሊያልፍ የሚገባውን ያሳልፋል። አዲስ ገቢው ግን መሣሪያውን አምኖ ይተኛል።

ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ ዋግም በቀድሞው አስተዳደር የወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። አካባቢው ለአገሪቱ ሙዚቃ ቅኝት አበድሮ ሳለ፣ ዛሬ የራሱ ድምፅ በመተግበሪያው ፍለጋ ውስጥ በችግር መገኘቱ የሚገርም ነው።

መቶ ብር የት ትሄዳለች

በወርኃዊ ክፍያ የሚሠሩ ብዙ መተግበሪያዎች ገንዘብ የሚያከፋፍሉበትን መንገድ በምሳሌ እንየው። መቶ ደንበኞች እያንዳንዳቸው በወር 100 ብር ይክፈሉ እንበል፤ 10,000 ብር ሆነ። የኩባንያውን ድርሻ ለጊዜው እንተወው። ዘጠና ዘጠኙ ከተሜዎች እያንዳንዳቸው 500 ጊዜ የታወቁ ዘፈኖችን ሰሙ። አንዷ የሰቆጣ መምህርት ደግሞ ጊዜም ኔትወርክም ስለሌላት 50 ጊዜ ብቻ፣ ያውም አንድ የኽምጣና ዘፋኝ ብቻ ሰማች። ገንዘቡ በአንድ ቋት ገብቶ በጠቅላላው ማዳመጥ ይከፋፈላል። ዘፋኙ ከ49,550 ማዳመጥ ውስጥ 50 ስላለው የሚደርሰው 10 ብር ገደማ ነው። መምህርቷ ከከፈለችው ውስጥ 90 ብሩ ሰምታቸው ወደማታውቅ ሰዎች ሄደ።

ሌላው መንገድ የእያንዳንዱን ሰው ክፍያ እሱ ለሰማቸው ብቻ ማከፋፈል ነው። ሳውንድክላውድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንዳንድ አርቲስቶች እንዲህ ያለ አሠራር ጀምሯል። በዚህ ስሌት የኽምጣናው ዘፋኝ መቶውን ብር ያገኛል። ስፖቲፋይ ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ እንዳያገኝ ወስኗል። ለአዲስ አበባው ዘፋኝ 1,000 ማዳመጥ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ በሙሉ 426 ሺህ ያህል ሕዝብ ለነበረው፣ ከዚያም ኽምጣና ተናጋሪው ከፊሉ ብቻ ለሆነ አካባቢ ግን ያ ደፍ ከፍ ያለ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ የኩባንያው ሠራተኞች ስብሰባ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚጽፉት አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ውጤቱ ግን በአንድ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ሥራውን ይቀጥል ወይስ ይተው የሚል ነው።

አዋጅ 410 በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ባለመብቶች ተደራጅተው ክፍያቸውን በጋራ የሚሰበስቡበት መንገድ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ግን ስሙ ለታወቀ ሰው ነው። «የሕዝብ» የተባለው ዜማ ባለቤቱ ሕዝብ ከሆነ ደረሰኙን ማን ይፈርማል? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባቋቋመው ኮሚቴ አገሮች ስለ ባህላዊ ጥበብ መገለጫዎች ጥበቃ ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ስለ ዘረ መል ሀብትና ስለ ነባር ዕውቀት አንድ ስምምነት ጸድቋል፤ የባህላዊ ዜማ ጉዳይ ግን ከዚያ ውጭ ቀረ።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሕጉ እስኪመጣ ብለው ነገሩን ያቆዩታል። የማያቆይ ነገር ግን ነባሩ ሕግ ውስጥ አለ። የአዋጁ ሙሉ ስያሜ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ነው፤ ተዛማጅ መብት የሚባለውም የከዋኞች፣ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሮችና የብሮድካስት ድርጅቶች መብት ነው። ሻደይን የፈጠረው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ነሐሴ 16 ቀን ያወጣችው ልጅ ግን ትታወቃለች። እናቷ ታውቃታለች፣ ጓደኞቿ ያውቋታል፣ የቀበሌው ሰው ያውቃታል። ዜማው የሕዝብ ነው፤ ድምፁ የእሷ ነው። ቅጹ ላይ «የሕዝብ» ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው እውነት ሁለተኛውን ይውጠዋል፤ ባዶውንም ቦታ ስልኩን የያዘው ሰው ይወርሰዋል።

እዚህ ላይ ኩባንያው ይህን የሚያደርገው በክፋት እንዳልሆነ መናገር ይገባል። በቀን ብዙ ፋይል የሚያሳልፍ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የገጠር ቅጂ ሰቆጣ እየደወለ ማን ናት ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ሲስተሙን የነደፈው ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ስሙን ጽፎ የሚዘፍን አንድ ድምፃዊ ነው የታየው፤ ከበሮ ይዛ ከደጅ ደጅ የምትዞር ቡድን አልታየችውም። ጥፋቱ ያለው ንድፉ ላይ ስለሆነ መፍትሔውም እዚያው ነው።

ከመቅጃው በፊት

ምን ይደረግ ቢባል አብዛኛው ርካሽ ነው። ቅጹ ላይ «አውጪ»፣ «ተቀባዮች»፣ «ከበሮ መቺ»፣ «የተቀዳበት ቦታ»፣ «የቀዳው ሰው» የሚሉ ቦታዎች ይጨመሩ። ቀጂና ድምፃዊ ከተለያዩ፣ ፋይል የላከ ሁሉ ዘፋኝ ተብሎ አይመዘገብም። ኽምጣና በቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ይግባ። ቅጂው ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ናቸውና ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ድርሻቸውም በወላጅ ወይም በሞግዚት ስም ይቀመጥ። ለዜማው የሚታሰበው ድርሻ ደግሞ ወደ ቋቱ ከሚመለስ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጋር በሚደረግ ስምምነት ለጨዋታው ይዋል፤ ለከበሮ፣ ለልብስ፣ ለቀረጻ መሣሪያ።

ዘፈን የሚጭነው ልጅም ከዚህ ውጭ መሆን የለበትም። ዛሬ ሕግ የሚያሳድደው፣ ኩባንያው የማያውቀው፣ አድማጩ ግን የሚያምነው ሰው ነው። ቴሌብር ያለው ሱቅ ኢንተርኔት በሚገኝበት ሰዓት ፈቃድ ያላቸውን ፋይሎች በጅምላ አውርዶ፣ ኔትወርክ ለሌለው ገበሬ በሚሞሪ እየሸጠ፣ የሽያጩን ቁጥር በሳምንት አንዴ ሊልክ ይችላል። ኩባንያው ወኪል ያገኛል፣ ልጁ ከሕገ ወጥነት ይወጣል፣ ዘፋኙም ከቆላው ድረስ ሳንቲም ይደርሰዋል። የአየር ሰዓት ካርድ በየመንደሩ የተሸጠው በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ነበር፤ ለዘፈን የማይሆንበት ምክንያት የለም። ከዚህም በላይ፣ የትኛዋ አውጪ የማን ልጅ እንደሆነች ለማጣራት አዲስ አበባ ካለው ጠረጴዛ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል። ስሞቹን ሰብስቦ ለሚልክ ሰው ኩባንያው ቢከፍል፣ ለኮድ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ እዚህ ግባ አይባልም።

በዚህ ሙያ መሰማራት ለሚፈልግ የዋግ ወጣትም የሚባል ነገር አለ። ሁሉም ፕሮግራመር መሆን የለበትም። ኽምጣናን የሚሰማ፣ የሻደይን አካሄድ የሚያውቅ፣ ቅጽ በጥንቃቄ የሚሞላና ሽማግሌ አክብሮ የሚጠይቅ ሰው እነዚህ ኩባንያዎች የጎደላቸው ባለሙያ ነው። የሙዚቃ ስልተ ቀመሮች የሚማሩት ከተጻፈላቸው መረጃ ስለሆነ፣ ዛሬ «ሌሎች» ተብሎ የተመዘገበ ዘፈን ነገ ማሽኑ ለማንም የማያቀርበው ዘፈን ይሆናል። መረጃውን የሚያስተካክል ሰው ከማሽኑ ቀድሞ መድረስ አለበት።

በሚመጣው ነሐሴም ስልኮቹ ከፍ ማለታቸው አይቀርም። የሚቀዳ ሰው ቀይዋን ምልክት ከመንካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢያስቀድም ይበቃል፦ «እህቴ፣ ስምሽ ማን ይባላል? ይህ ቅጂ ገንዘብ ቢያመጣስ ለማን ይሰጥ?» መልሱን በፋይሉ ስም ላይ ቢጽፈው አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ ቅጹን ሲከፍት ባዶ ቦታ አይገጥመውም።